ሐጂ ቦሩ ያልማሉባት መኪና

ይህን ነገር አፌ አውጥቶት አያውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። የንስሐ አባቴ ዘንድ ስቀርብ ጾም መግደፌን ተናዝዣለሁ፣ በሠራተኞቼ ላይ መጮኼን ተናዝዣለሁ፣ አንድ ጊዜ ሰክሬ የጎረቤት አጥር ማፍረሴን እንኳ ተናዝዣለሁ። እዚህች ጋ ስደርስ ግን ዘልዬ አልፋታለሁ። እሳቸውም መስቀል አሳልመው ያሰናብቱኛል። ስለዚህ እናንተ ፊት ቀርቤያለሁ፤ እስከ መጨረሻው ስሙኝና እንደ ፈለጋችሁ ፍረዱ።

ነገሌ ቦረና ውስጥ ጋራዥ አለኝ። የመኪናን ብልሽት በኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ወደ ከተማችን መጀመሪያ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ቢያንስ መጀመሪያ የፎከርኩበት እኔ ነኝ። ገመዱን ከመሪው ሥር ስሰካው ሰው ይሰበሰብ ነበር። የባጃጅ ሾፌሮች እየቀለዱ «እኛንስ አታይልንም?» ይሉኝ ነበር። ዕቃውን «ሐኪሙ» ብለው ሰየሙት። ሐኪሙ ግን በሽታውን ይናገራል እንጂ አያድንም፤ ማዳኑ የእኔ ፋንታ ነው። እኔ ደግሞ ሙያውን የተማርኩት በናፍጣ መኪና ላይ ነው። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ሐጂ ቦሩ በከብት ንግድ የታወቁ ሰው ነበሩ። አባቴ መምህር ነበር፤ የእሱ ወዳጅ ስለነበሩ ገና ጋራዡን ስከፍት «የመምህሩ ልጅ ጋ ሂዱ» እያሉ ደንበኛ ይልኩልኝ ነበር። በእኛ ከብት ገበያ ሻጭ የከብቱን ነውር አስቀድሞ ይናገራል። ትዋጋለች፣ አንድ ጡቷ ደርቋል፣ ጅብ ነክሷት ታነክሳለች ይላል፤ ሽያጩ ጸንቶ እጅ ለእጅ የሚመታው ከዚያ በኋላ ነው። የደበቀ ሰው ከብቱን መልሶ ይወስዳል፣ ዳግመኛም ቃሉን የሚያምነው አያገኝም። ሻጭና ገዢ ሲጨቃጨቁ «ሐጂ ቦሩን ጥሩልን» ይባል ነበር። እሳቸው አንድ ነገር ከተናገሩ ጭቅጭቁ ያልቃል።

አዲስ አበባ ያለው ትልቁ ልጃቸው አሮጌ ሃይብሪድ መኪና ላከላቸው፤ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ፣ ትልቁ ባትሪዋ ከኋላ ወንበር በኩል የተቀመጠ። አንድ ቀን ዳሽቦርዷ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን በራና ወደ እኔ አመጧት። ስካነሩን ሰካሁ። ትልቁ ባትሪ ማለቁን ቁልጭ አድርጎ ጻፈልኝ። የባትሪውን ማቀዝቀዣ ስከፍት በአቧራና በፍየል ጠጉር ታፍኗል፤ ይህና የቆላው ሙቀት ተጋግዘው ባትሪውን ገድለውታል። «ሐጂ፣ ባትሪው ሞቷል፤ ይህን መጠገን አላውቅም» ማለት ነበረብኝ። ይህ ምን ይከብዳል? ግን በሩ ላይ ሰው ቆሟል፣ ሁሉም ሐኪሙ ምን እንዳለ ሊሰማ ይጠብቃል። ማቀዝቀዣውን አጸዳሁ። ከዚያ ስካነሩ ላይ የተመዘገበውን ብልሽት የሚሰርዘውን ቁልፍ ተጫንኩ። መብራቱ ጠፋ። ጨርሻለሁ፣ ሐጂ፣ አልኳቸው።

ብልሽትን ከመዝገብ መሰረዝ መጠገን አይደለም። መኪናዋ ራሷን እንደገና እስክትመረምር ዝም ትላለች፣ ከዚያ መልሳ ታበራለች። ብዙም ሳይቆይ አበራች፤ አጠፋሁት። ደግማ አበራች፤ ደግሜ አጠፋሁት። ሐጂ በመጡ ቁጥር መርቀውኝ ይሄዱ ነበር። እኔም ነገሌ ሜዳ ነው፣ ባትሪውን የሚያስጨንቅ ዳገት የለም እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ስንት ጊዜ ነው ሰው ራሱን እያወቀ የሚያታልለው?

ሐጂ ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር ዝቅ ካለች መኪና መግባትና መውጣት አቃታቸው። ከብቶቻቸው ወዳሉበት ወደ ሊበን ገጠርም አትወስዳቸውም። ሊሸጧት ወሰኑ። ገዢው ታደሰ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ዘመዶቹ ቦሬ ናቸው። ሐጂ መኪናዋን እንደ ላም ሸጧት። ሰው ሰብስበው፣ እኔንም አስጠርተው፣ ነውሯን ተናገሩ። መብራት ታበራ ነበር፣ ይህ ልጅ አይቷት ጨርሻለሁ ብሎኛል፣ ሌላ የማውቀው ነውር የለባትም አሉ። ታደሰ ዞሮ አየኝ። እኔ እንደ አዋቂ ራሴን ነቀነቅኩ። ነገሩን እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር።

ታደሰ ሚስቱንና ልጆቹን ጭኖ ወደ ቦሬ ሲወጣ፣ ዳገቱ ላይ የዳሽቦርዱ መብራት ሁሉ በራና መኪናዋ ቆመች። አገሩ ደጋ ነው፣ ጭጋግና ዝናብ። የጭነት መኪና ደርሶ እስኪጎትታቸው ልጆቹ በብርድ ተንቀጠቀጡ። ሐዋሳ ወስዶ ሲያስመረምራት ባትሪው ከሞተ መቆየቱን፣ መብራቱንም አንድ ሰው እየደጋገመ ያጠፋው እንደነበር ነገሩት። ተመልሶ መጥቶ በሐጂ ላይ ሽማግሌ አስቀመጠ።

ከከብት ገበያው አጠገብ ካለው ግራር ሥር ተቀመጥን። ሐጂ በሽያጩ ቀን ያሉትን ደገሙ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ አፍ ግን አላመለጠኝም። የምለውን መንገድ ላይ እያሰላሰልኩት ነው የሄድኩት።

«ነግሬያቸው ነበር» አልኩ። «ባትሪው አልቋል አልኳቸው። መብራቱን ብቻ አጥፋልኝ፣ ልሸጣት ነው አሉኝ።»

እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላስተማረኝም። ስካነሩንም ይዤ ሄጄ ነበር፤ አንዱ ሽማግሌ እያገላበጠ አየና ማሽን እንደ ሰው አይዋሽም አለ። ማሽኑስ እውነትም አልዋሸም።

ነገሩ የእሳቸው ቃል በእኔ ቃል ላይ ሆነ። ሽማግሌዎቹ መሐላ ይሁን አሉ፤ ሐጂ ይማሉ፣ እሳቸው ከማሉ እኔም ተነሥቼ ከእሳቸው በኋላ ልምል። በሐሰት የማለ ሰው ፍዳው በልጁ ላይ ይወርዳል ብሎ አገሩ በሙሉ ያምናል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም። ሐጂ ረዘም አድርገው አዩኝ። ቁጣ አላየሁባቸውም።

«አልምልም» አሉ። «ለመኪና ብዬ አልምልም። ገንዘቡን እመልሳለሁ፤ መኪናዬን መልሱልኝ።»

አልምልም ያለ ሰው እንዳመነ ይቆጠራል። ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ። እኔ ምን ተሰማኝ? እውነቱን ልናገር ብያለሁና፣ እፎይታ ነው የተሰማኝ። ሐጂ ፈሩ ብዬ በልቤ ናቅኳቸው።

ሚስቴ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሴት ልጃችን ስትወለድ የሐጂ ሚስት፣ ሐሊማ፣ በቅል ወተት ይዘው ሊጠይቁን መጡ። አካም፣ ናጋ ተባብለን በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጥን። ልጅቷን አቅፈው መረቁ። ስሸኛቸው በሩ ላይ ቆም አሉና ማንም አልላከኝም፣ በራሴ ነው የመጣሁት አሉኝ።

«ሐጂን ለምን ሳትምል ቀረህ ብዬ ጠየቅኩት» አሉ። «እኔ ከማልኩ ያ ልጅ ከእኔ በኋላ ይምላል አለኝ። ሚስቱ ሆድ ውስጥ ልጅ አለ አለኝ።»

ይህን ብለው ሄዱ። ወደ ቤት ስመለስ ልጄ ተኝታለች። ያን ጊዜ ወደ ሽማግሌዎቹ መሮጥ አልነበረብኝም? ሰውየው የዕድሜ ልክ ስማቸውን ለእኔ ልጅ ሰጥተው፣ እኔ ምን አደረግኩ? በማግሥቱ ጋራዤን ከፈትኩ። ደንበኛ በዝቶልኛል፤ «ሐጂ ቦሩን እንኳ ያጋለጠ ማሽን» እየተባለ ከሩቅ ሁሉ መኪና ይመጣልኝ ጀመር። እሳቸውን ግን ገበያ ላይ የሚጠራቸው ጠፋ። ታላላቆቹ አፍረው ዝም አሏቸው፣ ጎረምሶቹ ቀለዱባቸው። ነውሩ የተደበቀ ከብት ሲገኝ «የሐጂ ቦሩ መኪና» ማለት ተለመደ። ይህን ቀልድ እኔ ፊት ሲቀልዱት አብሬ ስቄያለሁ። ሐጂም ገበያ መውጣት ተዉ።

ልጄ ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት ሐጂ ታመው ተኙ። ሄድኩ። አልጋቸው አጠገብ ተንበርክኬ ይቅር በሉኝ አልኩ። ምን እንዳደረግኩ ግን ያኔም ከአፌ አልወጣም። እጄን ያዙኝ።

«እኔማ ያን ቀን ነው ይቅር ያልኩህ» አሉ። «ስሜ ግን እኔ ጋ የለም። ገበያ ላይ ነው የጣልከው፤ ሄደህ ከዚያ አምጣልኝ።»

በሚቀጥለው ገበያ እሄዳለሁ፣ በልጄ ብዬ ልምል ስል እጃቸውን አፌ ላይ አደረጉ።

«አትማል» አሉኝ። «ሂድ ብቻ።»

በሚቀጥለው ገበያ ዝናብ ነበር። በሌላው ደንበኛ መጣብኝ። ከዚያ ወዲያ ሰበብ መፈለጉንም ተውኩት። ሐጂ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ እንደ እኔ ያለቀሰ የለም፤ ሰዉም የአባቱ ወዳጅ ስለነበሩ ነው አለ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሳቸው እንዴት እንደዋለ በዓይኔ አየሁ። በቅርቡ በግ ልገዛ ከብት ገበያ ወጥቼ ነበር። የሐጂ የመጨረሻ ልጅ ቃሲም በሬ አቅርቧል። የበሬውን ነውር አንድ በአንድ ተናገረ፤ ገዢው በሬውን ወድዶታል። እጅ ሊመቱ ሲሉ ገዢው የማን ልጅ ነህ አለው። ቃሲም ነገረው። ሰውየው ገመዱን ለቀቀና ዋስ አምጣ አለ። ቃሲም ዙሪያውን ሲያይ እኔን አየኝ።

«ጋሼ፣ ዋስ ይሁኑኝ» አለኝ።

ሆንኩት። ገዢው የእኔን ቃል ሲሰማ ሌላ አልጠየቀም፣ ወዲያው እጁን መታ። ቃሲም ሁለት እጆቼን ይዞ አላህ ይስጥልኝ አለኝ። ሰው ሁሉ በዙሪያዬ ቆሞ ነበር። ያኔም አልተናገርኩም።

ለእናንተ ለምን ነገርኳችሁ? ሐጂን ስለማታውቋቸው ነው። ለማያውቅ ሰው መናዘዝ ቀላል ነው፤ ይህም ሌላው ፍርሃቴ ነው። ሐጂ ቦሩ አልዋሹም። ባትሪው ማለቁን ማንም አልነገራቸውም። የማውቀው እኔ ነበርኩ፣ መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በሽማግሌ ፊት የዋሸሁባቸው እኔ ነኝ። ይቅርታ አልጠይቃችሁም። ይቅር ብትሉኝስ፣ እናንተ ከልጃቸው በሬ አትገዙም።