ወፍራሙ እግርና ቀጭኑ መስመር

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ገበያ በወጣን ቁጥር ጓደኛዬ አዋጅ ከተለጠፈበት ግድግዳ ሥር ይቀር ነበር። ሌላው ሰው የሚቆመው ምን እንደተከለከለ ለማወቅ ነው፤ እሱ የሚያየው ፊደሉን ነው። በአማርኛ የታተመ ፊደል፤ ቋሚ እግሩ እንደ ምሰሶ የወፈረ፣ ማገናኛው ፀጉር የሚያህል፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ ጫማ የተጫማ። ከመንገድ ማዶ ሆኖ ሰው ይጠራል።

ሁለታችንም ይጁቤ አጠገብ ከአንድ መምህር የተማርን፣ ብራና ላይ መጽሐፍ የምንገለብጥ ቁም ጸሐፊዎች ነን። እኔ እበልጠዋለሁ ብዬ አምን ነበር። እሱ ግን አንዱን የመቃ ብዕር አፉን አስፍቶ፣ ሌላውን አሹሎ ቀረጸና ያንን ፊደል ብራና ላይ አወረደው። ማማሩን ሳይ እርር ድብን አልኩ።

በሰሙነ ሕማማት የሚነበበው የደብራችን ግብረ ሕማማት ከጦርነቱ ሸሽቶ ዋሻ ሲቀመጥ እርጥበት በልቶት ነበር። መምህራችን የኔታ አዲስ ይጻፍ አሉ፤ እያንዳንዳችን አንድ ቅጠል ብራና ጽፈን እንድናሳይ፣ የተመረጠው መጽሐፉን እንዲጽፍ። የጸሐፊው ስም በመጨረሻው ገጽ ይገባል፤ መጽሐፉ በተነበበ ቁጥር «ማረው» ይባልለታል። ያ ስም የእኔ እንዲሆን ፈለግሁ።

ደጀ ሰላም ላይ ካህናቱ ሁሉ የእሱን ቅጠል ከበቡ። አንዱ ተሳለመው። የእኔን ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጫኑበት።

«የኔታ፣ ይህ እኮ ከጠላት ግድግዳ የተለቀመ ነው» አልኩ።

«ፊደሉ የማን ነው?»

«የእኛ።»

«እንግዲያማ ቤቱ ገባ» አሉና ሁለቱንም ቅጠሎች አንሥተው ወደ ቅኔ ማኅሌት ገቡ። «ግብረ ሕማማት ደጅ አይነበብም።»

እንደ ሰሙነ ሕማማት መጋረጃው ተጋረደ። አንድ ሽማግሌ ቄስ በጧፍ ብርሃን የእኔን እንደ ውኃ አነበቡት። በእሱ ቅጠል ላይ ግን ወፍራሞቹ እግሮች ብቻ እንደ አጥር ቆመው ቀሩ፤ ቀጫጭኑን ጨለማው ዋጠው። ቄሱ ጧፉን አስጠግተው አስጠግተው ሰሙ ብራናው ላይ ተንጠባጠበ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«ይኼ ለማየት ነው፤ ያኛው ለማንበብ» አሉ የኔታ። ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ንባቡን ጻፍ። አርእስቱን እሱ ይጻፈው።»

«ስሙስ?»

«የሁለታችሁም ይግባ።»

ወገቤ እስኪጎብጥ ጻፍኩ። እሱ እኔ በተውኩለት ክፍት ቦታ ላይ በቀይ ቀለም አርእስቱን እየጣለ ይሄዳል። ሰሙነ ሕማማት ደረሰና መጽሐፉ ተነበበ። በእኔ ገጾች ላይ ማንም አልተደናቀፈም፤ ማንም ቆሞ አላያቸውም። ሕዝቡ መጽሐፉን ሲሳለም ከንፈሩ የሚያርፈው አርእስቱ ላይ ነው።

ሁሉም ሲወጣ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። የኔታ የስማችንን ቦታ እንደ አርእስት ቆጥረው ለእሱ ሰጥተውት ኖሯል። የእኔን አስቀድሞ፣ የራሱን ከሥር፣ በዚያው በወፍራም እግሩና በቀጭን መስመሩ ጽፎታል። ስሜን ዕድሜዬን ሙሉ ጽፌዋለሁ፤ እንዲያ አምሮ ግን አይቼው አላውቅም።