ከማዶ የተነሳ ፎቶ

የእህቴ ልጅ ቶይባ ከደሴ በመጣች ቁጥር ዙም በሌላት ትንሿ የኪስ ካሜራዬ ላይ ትስቃለች። ባለፈው ሳምንት ጭራሽ፣ «አጎቴ፣ ይቺን ጣላትና አዲስ ልግዛልህ። እዚሁ ቆቦ ቁጭ ብለህ የዞብልን ተራራ አፍንጫህ ሥር የሚያመጣ አለ እኮ» አለችኝ። ይህን ምርጫ አንድ ጊዜ ቀምሼዋለሁ።

በወጣትነቴ የምተዳደረው ቆቦ ገበያ ውስጥ ፎቶ በማንሳት ነበር። ያኔ የነበረችኝም ኪስ የምትገባ፣ በፊልም የምትሠራ ካሜራ ናት። የሰው መልክ በደንብ እንዲወጣ ሦስት እርምጃ ያህል መጠጋት ግድ ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከዚያ የከበደ ነገር አልነበረም። እናትና አባቴ ካለፉ በኋላ በአንዲት ኪራይ ቤት ብቻዬን ስኖር ወሬ እንኳ ጠፍቶብኝ ነበር። ምሳዬን የምበላው ግድግዳ እያየሁ ነው።

ዘሃራን ያወቅኋት በዚያች ካሜራዬ ሰበብ ነው። ከቆቦ ወጣ ብላ ባለችው ሮቢት፣ አስፋልት ዳር፣ ማሽላው ሲደርስ፣ እንደ ሸንኮራ የሚመጠጠውን ጥንቅሽ ትሸጥ ነበር። አንድ ቀን «አንሳኝ» ብላኝ ተጠጋሁ። ካሜራዋን አሥሬ ሳስተካክል አይታ ስትስቅ፣ አናቷን ቆርጬ አነሳኋት። ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ በአውቶቡስ እየሄድኩ ጥንቅሽ እገዛለሁ፤ እሷም አንድ አገዳ ትመርቅልኛለች። እየመጠጥን እናወራለን። ከሳምንቱ ሰው የምሆነው ያን ቀን ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ነጋዴ ዙም ያለው ካሜራ አመጣና አሮጌዋን ሰጥቼ ጥቂት ጨምሬ እንድወስድ ጠየቀኝ። ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ዘሃራን አማከርኳት።

«ከሩቅ ያነሳል» አልኳት።

«ከሩቅ ሆነህ ምን ልትሠራ?» አለችኝ፣ ጥንቅሹን እየሰበረች።

አልገባኝም። ቀየርኩ።

የዚያን ሐሙስ አንድ አይሱዙ ጋቢናው ውስጥ አሳፍሮኝ ሮቢት መግቢያ ላይ አወረደኝ። ከአስፋልቱ ማዶ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቆሜ ዘሃራን አነሳኋት። ልሻገር አልኩና ተውኩት። ፎቶው ተነስቷል፤ ታዲያ ምን ብዬ ልጠጋት? ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ወልድያ ታጥቦ የመጣውን ፎቶ በኩራት ሰጠኋት።

«መቼ ነው ያነሳኸኝ?»

«ያለፈው ሐሙስ፣ ከማዶ ሆኜ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሮቢት ድረስ መጥተህ አሰላሙ አለይኩም እንኳ ሳትለኝ ተመለስክ? ወላሂ፣ የማያውቀኝ መንገደኛ እንኳ ሰላም ሳይለኝ አያልፍም!»

ፎቶውን መለሰችልኝ። ጥንቅሹን ሸጠችልኝ፤ ምርቃት ግን አልጨመረችም። ማሽላው ታጭዶ ሳያልቅ ዋጃ ከተማ ላለ ሰው ተዳረች። ይቅርታ ለመጠየቅ ስንት ጊዜ ተነስቼ ስንት ጊዜ እንደተቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ትናንት ሁለቱን ፎቶዎች ለቶይባ አሳየኋት። በአንደኛው ዘሃራ አናቷ ተቆርጦ፣ መልኳም ትንሽ ደብዝዞ፣ እኔን እያየች ትስቃለች። በሌላው ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ይቆጠራል፤ ፊቷ ግን ወደ ቆቦ መንገድ ዞሯል። ይህን ልብ ያልኩት ከተዳረች በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«ሴትየዋ ምንድነው እንዲህ የምታየው?» አለች ቶይባ።

«የቆቦን አውቶቡስ» አልኳት። «ሐሙስ ነበር። ከውስጡ የምወርድ መስሏት ነው።»