ሳይጠይቀኝ ያወቀው መልስ

ባለቤቴ እንግዳ ሲመጣ የሚጫወታት አንዲት ጨዋታ ነበረችው። እኔ ጓዳ እያለሁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሁን ትወጣና ‹ምነው ጥግ ይዛችሁ፣ ወዲህ ቀረብ በሉ እንጂ› ትላለች» ይላቸዋል። እወጣለሁ፤ ያንኑ ቃል እላለሁ፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ነገሩ ሲገባኝ እኔም እስቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። አፌን ሳልከፍት የምለውን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ትልቅ መወደድ ይመስለኝ ነበር።

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ በሁለታችን የአስተማሪነት ደመወዝ ቀስ በቀስ የሠራናት ቤት አለችን። አንዷን ክፍል ጨርሰን ገባንባት፤ ሌላዋን ሁለተኛዋ ልጃችን ስትወለድ ጨመርን።

ባለቤቴ በኩላሊት ሞተ። መታመሙን ያወቅሁት እያስተማረ ክፍል ውስጥ ወድቆ ሆስፒታል ሲያስገቡት ነው። ከዚያ በኋላ የቆየው አሥራ አንድ ቀን ነው።

አርባው በወጣ ማግስት፣ ታላቅ እህቱ ወደ ጨንቻ ከመመለሷ በፊት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ሕመሙን ከሰባት ወር በፊት ጀምሮ ታውቅ እንደነበር ነገረችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እሷ ዘንድ እየወጣ፣ ሐኪም ያለውን ሁሉ ይነግራት ኖሯል። አዲስ አበባ ሄዶ የኩላሊት እጥበት ማድረግ አለበት፤ ያም ማብቂያ የለውም ብለውታል።

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም፣ እትዬ?»

«‹የምትለውን አውቃለሁ› አለኝ። ‹ቤቱን እንሽጥ ነው የምትለው። ከዚያ እኔም አልድን፣ ልጆቹም በሰው ቤት ይቀራሉ› አለኝ።» ቀጥላም፣ «አትሸጪውም ነበር?» አለችኝ።

«እሸጠው ነበር።»

«አየሽ» አለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ሰዎች ዛሬም አርቆ አሰበልሽ ይሉኛል። ቤቱ አለ፤ ልጆቼም ከዚሁ ቤት ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ገቡ። አልተሳሳተም። የሚያመኝም ይኸው ነው፤ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ እወቅሰው ነበር። መጀመሪያ የምለውን በእርግጥ ያውቅ ነበር። ቢነግረኝና ቤቱን አንሸጥም ብሎ እምቢ ቢለኝ፣ አልቅሼ፣ ተጣልቼው ሳበቃ፣ በሦስተኛው ቀን ምን እንደምለው ግን አያውቅም። እኔም አላውቅም። እዚያ ሳንደርስ ቀረን።

በእነዚያ ሰባት ወራት ወጡን ቀመስ አድርጎ ሰሃኑን መግፋት ጀምሮ ነበር። «ጨው በዝቶበታል» ይላል። ስንት ዓመት የበላውን እጄን የናቀ መስሎኝ ተቀየምኩት። አንድ ቀንማ፣ «ካልጣመህ እህትህ ጋ ሄደህ ብላ» አልኩት። ተነሥቶ እጁን ታጠበ። ሐኪሙ ጨው እንደከለከለው የሰማሁት በአርባው ማግስት፣ ከእህቱ አፍ ነው። ስለ ጨው ለመናገር ሌላውንም መናገር ሊኖርበት ነው፤ ይገባኛል። ቢነግረኝ ግን ለእሱ ብቻ ለይቼ አልሠራም ነበር። ሁላችንም ያለ ጨው እንበላ ነበር።