ሦስቴ የተለሰነው ስንጥቅ

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ኮድቡር ሰፈር

ቢስሚላህ ብለን ተነሣን። ልጄ ሀያት እዚህ ሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የድንጋይና የመሬት ትምህርት ትማራለች። የዛሬ ወር በበርበራ መንገድ አንድ የግራናይት ኮረብታ ላይ፣ ከቤት በሚበልጥ ቋጥኝ ስንጥቅ ላይ ጀሶ ለጥፋ ነበር። ቋጥኙ ከተንቀሳቀሰ ጀሶው ይሰነጠቃል። ከሥሩ ሀጂ ዩሱፍ ከነቤተሰባቸው ይተኛሉ። «ቤቱን አዛውሩ» ብትላቸው «ማስረጃ አሳዪን» አሏት። ዛሬ ማስረጃውን ልናይ ነው። እኔም ልጄን ብቻዋን አልልክም ብዬ ስፌቴን አሳድሬ ተከተልኳት።

ሦስት ሰዓት፣ መንገድ ላይ

ለሖህ የሚባለውን ስስ እንጀራ በማር በልተን፣ የግመል ወተት የገባበት ሻይ ጠጣን። ከግራሩ ጀርባ ክብ ክብ ድንጋዮች ተደራርበው ቆመዋል።

«እማዬ፣ ይሄን የሠራው ትልቅ ንውጥውጥታ ብቻ እንዳይመስልሽ። መሬቱ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ስንጥቁ ፀጉር ታህል ይከፈታል። ጠጠርና አሸዋ ይገባበታል፤ ከዚያ ወዲያ አይገጥምም።»

«እንዴ፣ የእንጨት መፍለጫ ሽብልቅ ነዋ!»

«አዎ፣ መዶሻው ደግሞ ንዝረቱ» ብላ ሳቀች።

አምስት ሰዓት፣ ኮረብታው ሥር

ሀጂ አማርኛ የለመዱት ድሬዳዋ ነው። «የድንጋይ ሐኪሟ መጣች!» እያሉ ወደ ቋጥኙ መሩን። ጀሶው እንደ እንቁላል ድፍን ብሎ ጠበቀን።

«ይኸው! ድንጋዩ በዕድሜ ይበልጥሻል፣ አክብሪው እንጂ» አሏት ሀጂ።

የሀያት ፊት ጠቆረ። እኔም በልቤ ሐስቢየላህ፣ አላህ ይበቃኛል አልኩ። እሷ ግን ጀሶውን ዳሰሰችና «ወፍሯል፤ እኔ እንዲህ አላደረግሁትም» አለች።

ያን ጊዜ የሀጂ ሚስት ሀሊማ ደስ ብሏቸው በሶማልኛ ተናገሩ። «የእንግዳ ሥራ ተሰንጥቆ ሲታይ ነውር አይደል? መሬቱ ሦስቴ ነዘረ፣ ሦስቴ ተሰነጠቀ። ትተሽው በሄድሽው ትርፍ ጀሶ ሦስቴም ለሰንኩልሽ።»

እኔ ብሆን እጮህ ነበር። ልጄ ግን እጃቸውን ስማ፣ ጀሶውን በቀስታ በመሮ አነሣችው። የሀሊማ ሦስቱ ልስን በሀያት ጀሶ ላይ አንዱ ባንዱ ተደራርቧል፤ የታችኛው ስንጥቅ ከላይኞቹ ሰፍቷል።

ሀጂ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ድንጋዩ ሦስቴ ሲናገር አንቺ አፉን ትዘጊያለሽ?»

«አንተስ ጆሮ ነበረህ?» አሉ ሀሊማ።

ቤቱ የምንጣፍና የጎባጣ እንጨት ስለሆነ ይነቀላል። የመጀመሪያውን እንጨት የነቀሉት ራሳቸው ሀጂ ናቸው። ተሸክመውት ቆሙና፣ «ልጄ፣ እንግዲህ የት ልትከለው?» አሏት። ሀያት ከኮረብታው ርቃ ሜዳው ላይ ሄደች፤ በተረከዟ መሬቱን መታች። ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በፊት ቤቱ እዚያ ቆሟል።

ማታ፣ ቤታችን

ከመግሪብ ሶላት በፊት ገባን። ሰው በደግነት ያበላሸው ነገር፣ ከመቆጣት በፊት ቢመረምሩት እውነቱን ይዞ ይገኛል፤ ይህን ከልጄ ተማርኩ። ከሰገድኩ በኋላ በልጄ ስለ መኩራቴ አላህን ምሕረት ለመንኩት። መስገጃዬን አጥፌ ግን ቀጥታ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ፤ የልጄን ሥራ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።