የጋሼ ኮምፒውተር ዓይኑ የጠፋ ጊዜ

በኮምፒውተር ጉዳይ ሰፈራችን ውስጥ ከኔ በላይ የለም። ይሄን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እናቴም ትላለች፣ ብቻ የምትለው እኔ አጠገቧ ስሆን ነው። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ተለያየን፤ ያለ ጸብ ነው። ከዛ ወዲህ ያወቅኩትን ሁሉ ያወቅኩት የሞተ ኮምፒውተር እየፈታሁ ነው፤ ራሴ የገደልኳቸውንም ጨምሮ።

ከኛ ቤት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ዳገት ሲጀምር፣ አንድ ሸማኔና ሚስታቸው ይኖራሉ። እሳቸውን ጋሼ፣ ሚስታቸውን እትዬ ነው የምላቸው። ጋሼ ብዙ አያወሩም፤ የሳቸውንም ድርሻ እትዬ ያወሩላቸዋል። ልጃቸው ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። የቀሚስ ጥለት በኮምፒውተር ትስላለች፣ ጋሼ ደግሞ ስክሪኑን ከሽመናቸው አጠገብ አስቀምጠው እሱን እያዩ ይሸምናሉ።

ኮምፒውተሩ የሆነ መሥሪያ ቤት ሲያስወግደው የተገዛ ነው፤ ዕድሜው ከኔ ብዙም አያንስም። ልጅቷ ለእረፍት መጥታ ስትስልበት እየተንቀረፈፈ ሲያቃጥላት ተጠራሁ። ማክሰኞ ዕለት ራም ጨመርኩለት፣ ከሌላ ኮምፒውተር ያወጣሁትን የስክሪን ካርድ ሰካሁለት፣ አበራሁት። በረረ። በሬ ነበር፣ ፈረስ አደረግኩላችሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ልጅቷም እስኪመሽ ስላበት ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ሄደች፤ ያን ቀን ኮምፒውተሩን የነካው ሰው የለም።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ደወሉ።

«ና እስቲ፣ ፈረስህ ዓይኑ ጠፋ» አሉኝ።

ሄድኩ። ማብሪያውን ስጫነው መብራቱ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ያለ ጥቁር። ሲግናል የለም የሚል ጽሑፍ ብልጭ ያደርግና ተመልሶ ይተኛል። ይሄማ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው አልኳቸው። እትዬ በርጩማ ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ አምስት ደቂቃዋን ሊቆጥሩ መሰለኝ።

ነገሩ ግን ለነሱ ቀልድ አልነበረም። ቅዳሜ አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር ቀሚሷን ልትወስድ ትመጣለች። የታችኛው ጥለት አልቋል፣ የእጅጌው አልቋል፣ የደረቱ ቀርቷል። የደረቱን ልጅቷ ማክሰኞ ማታ ነው ስላ የጨረሰችው፤ ያለውም እዛው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። በስልክ እንኳን ያነሳው ሰው የለም።

የኮምፒውተሩን ሣጥን ጎን ከፈትኩ። ራሙን አውጥቼ የሚሰካውን ጫፍ በላጲስ ፈገፈግኩት። ይሄ ትልቅ ጥበብ ነው፣ ስንት ኮምፒውተር ከሞት አስነስቼበታለሁ። እትዬ አይተው አይተው፣ ምን ፊደል ተሳስቶ ነው የምታጠፋው አሉኝ። መልሼ ሰካሁት፤ ጥቁር። አቧራውን በአፌ እፍ አልኩት፤ አቧራው ወደኔ መጣ እንጂ ስክሪኑ ያው ጥቁር። እጄን ከኋላ ሰድጄ ገመዱን ዳሰስኩት፤ ጥብቅ ብሏል፣ ግራና ቀኝ ያሉት ብሎኖቹ ሳይቀሩ ታስረዋል።

እንግዲያው የሞተው ስክሪኑ ነው ብዬ ፈረድኩ። ቤት ወርጄ የራሴን ስክሪን በጋቢ ጠቅልዬ ዳገቱን ተሸክሜው ወጣሁ። መንገድ ላይ ሁለት ሰው እንኳን ማርያም ማረችህ፣ ሚስትህ የት አለች እያለ ቀለደብኝ። አልብቶኝ ደርሼ እዛው ገመድ ላይ ሰካሁት። የኔውም ስክሪን ሲግናል የለም ብሎ ተኛ።

በኛ ሙያ አቃተኝ አይባልም። ያቃተህን ነገር «ፎርማት መደረግ አለበት» ትላለህ። እኔም አልኩ። ሣጥኑን ቤት ወስጄ ፎርማት አደርገዋለሁ፣ ነገ ይደርሳል አልኩ።

የጋሼ መወርወሪያ ቆመ። ፎርማት ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ውስጡን ጠርጎ እንደ አዲስ መጀመር ነው አልኳቸው።

«ሥዕሏም አብሮ ይጠረጋል?»

ሊተርፍ ይችላል አልኩ። እንደማይተርፍ እያወቅኩ።

ጋሼ እጃቸውን ድሩ ላይ አሳረፉ። «እኔማ የደረት ጥለት መች አጥቼ። ግን ሙሽራዋ የመረጠችው የኔን አይደለም፣ የልጄን ነው። የመጀመሪያ ሥራዋ ናት።» ከዛ ደግሞ፣ «እንግዲህ አዋቂው አንተ ነህ፣ ካልክ ውሰደው» አሉ።

አዋቂ ሲሉኝ እወድ ነበር። ያን ቀን ግን ጆሮዬን አቃጠለኝ። ቢሆንም ከአፌ የወጣውን እንዴት ልመልሰው? ሣጥኑን ላነሳ ጎንበስ አልኩ።

እትዬ፣ ተው ገመዱን ትበጥሰዋለህ፣ የዚህን አነቃቀል እኔ ነኝ የማውቀው ብለው ገፋ አደረጉኝ። እውነታቸውን ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዕቃ ይመታል ብለው ማታ ማታ ያለውን ገመድ ሁሉ ነቅለው፣ ዳንቴል አልብሰውት ነው የሚተኙት፤ ጠዋት ደግሞ መልሰው ይሰካሉ። ሣጥኑን አዞሩትና ጀርባው ወደ መስኮቱ ዞረ። በዛ ቀን ጀርባውን በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ገመዱ የተሰካባት ቀዳዳ ብሎን ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ። አምና ነው። እትዬ ቀዳዳው እየተምታታባቸው ሲያስቸግሩኝ ከጋሼ ክር ቆርጬ አሰርኩና፣ ዓለም ቢገለበጥ የስክሪኑ ገመድ ከዚች ቀዳዳ ውጪ አይገባም አልኳቸው። ማክሰኞ ካርዱን ስጨምር ገመዱን እታች ወዳለችው ወደ ካርዱ ቀዳዳ አዛውሬዋለሁ፤ መናገሩን ግን ረሳሁት፣ ፈረስ ፈረስ ስል። እትዬ ማታ ነቅለው፣ በቃሌ ታምነው፣ ጠዋት ክሯ ወዳለችበት መለሱት። ካርድ ከገባ በኋላ ደግሞ አሮጌዋ ቀዳዳ ምስል አታወጣም።

«ቆይ እትዬ፣ አንዴ» አልኩ። ገመዱን ነቅዬ እታች ሰካሁትና ማብሪያውን ተጫንኩ።

ስክሪኑ በራ። ጋሼ ከሽመናው ሳይነሱ አንገታቸውን አስግገው፣ ሥዕሉ እስኪከፈትላቸው ዓይናቸውን አልነቀሉም። አረንጓዴና ወርቅማ የደረት ጥለት ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ያምራል። ምኑ ነበር የተበላሸው ብለው ጠየቁ። ሲስተሙ ነው አልኳቸው።

እትዬ ክሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ሲስተም ቀይ ክር አለው እንዴ?»

የጋሼ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሳቃቸው እንደሱ ነው፣ ድምፅ የለውም። እትዬ ክሩን ፈትተው እታች አዲሷ ቀዳዳ ላይ ራሳቸው አሰሩት፤ ዓለም ቢገለበጥ እያሉ።

ቅዳሜ እዛው ትቼው የነበረውን ስክሪኔን ልወስድ ስሄድ ሙሽራዋና እናቷ ደርሰው ነበር። እናትየዋ የደረቱን ጥለት በጣታቸው እየዳሰሱ ማን እንደሳለው ጠየቁ።

«ልጄ ናት» አሉ ጋሼ። ከዛ በአገጫቸው ወደኔ ጠቆም አደረጉ። «ሊያጠፋላት የነበረው ደግሞ ይኸው።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ስክሪኔን በጋቢ ስጠቀልል አብሬያቸው ሳቅኩ፤ ቀና ሳልል ግን።