በሁዳዴ የጠጣሁት ውሃ

ይህ የደረሰብኝ አምና፣ በ፲፱፻፷ ዓ.ም. ሁዳዴ ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ተቀምጬ እንኳ ፊቴን በነጠላዬ እሸፍናለሁ።

ቡሬ አጠገብ በሚገኝ ደብር ቅኔ አስተምራለሁ። ስልሳን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። አንገቴ ሥር እብጠት ወጥቶብኝ አዲስ አበባ ሆስፒታል ብሄድ ካንሰር የሚሉት ነቀርሳ ነው ብለው በየቀኑ የምውጠው ክኒን ሰጡኝ። ሐኪሙ፣ «መድኃኒቱ ከባድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብዙ ውሃ ይጠጡ። ውሃ ካነሰው ፊኛዎን ያቆስለዋል» ብሎ ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ።

እስከ ጾሙ ድረስ እንዳለኝ አደረግሁ፤ እብጠቱም ጎደለ። ሁዳዴ ሲገባ ግን ተማሪዎቼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፋቸው ደርቆ እየዋሉ እኔ መምህራቸው ውሃ ስጎነጭ መታየቱ ከበደኝ። ክኒኑ ምግብ አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩና ማለዳ በምራቄ እየዋጥኩ ውሃውን ተውኩ። ለሌላው ሕመምተኛ «ጾሙ አንተን አይመለከትም» እያልኩ የማስረዳው እኔ ነኝ። ለራሴ የነፍስ አባቴን መጠየቅ ግን አፈርኩ።

ባለቤቴ፣ «ሐኪሙ ያለውን ረሱት እንዴ?» ብትለኝ፣ «ማታ እጠጣለሁ» አልኳት።

ውሎ ሲያድር ሽንቴ ያቃጥለኝ ጀመር። ለማንም አልተናገርኩም። የቀጠሮዬ ቀን ደርሶ ከቡሬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ ደምበጫ እህቷን ልትጠይቅ የምትሄድ ጎልማሳ ሴት ተቀምጣለች። ሕመሙ ሲጠናብኝ ላቤን አየችና ከዘንቢሏ የውሃ ጠርሙስ አወጣች።

«አባቴ፣ ትንሽ ይጎንጩ።»

«የለም ልጄ፣ ጾም ነው» አልኳት። ከፊት የተቀመጡትም እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ለሽንት ልወርድ ብድግ አልኩ። ከኋላዬ አንድ ሰው፣ «ደም ነው፤ ቄሱን ደም ነካቸው» አለ። ጎንበስ ብዬ ነጭ ሱሪዬን አየሁት። ተመልሼ ተቀመጥኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሴትየዋ የለበሰችውን ኩታ አውልቃ ወገቤ ላይ ጠመጠመችልኝና ክንዴን ይዛ አወረደችኝ። አውቶቡሱ ጥሏት ሲሄድ ዞር ብላም አላየችው።

ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። እዚያ ሕመምተኛ የሚያክመው ድሬሰር ክኒኑን አገላብጦ አየና፣ «የኔታ፣ ከዚህ ጋር ውሃ በደንብ ይጠጣሉ?» አለኝ።

«አዎን፣ እጠጣለሁ» አልኩት።

ሴትየዋ መሬት መሬት እያየች፣ «ይቅር ይበሉኝ አባቴ» አለች። «መኪናው ላይ ውሃ ብሰጥዎ ጾም ነው ብለውኛል።»

ድሬሰሩ ክኒኑን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። «የኔታ፣ እውነቱን ካልነገሩኝ ሌላ ሕመም መስሎኝ የማይሆን መድኃኒት እሰጥዎታለሁ።»

ሁሉንም ነገርኩት። አዲስ አበባ እስክደርስ ክኒኑን እንዳልውጥ ከለከለኝና ጣሳ ሙሉ ውሃ አቀረበልኝ። ሁለቱ እያዩኝ አቀርቅሬ ጠጣሁ። ተሻል ሲለኝ ሴትየዋ ኩታዋን ለእኔ ትታ ሌላ መኪና ፍለጋ ሄደች። ስሟን አልጠየቅኋትም።

አዲስ አበባ ሐኪሙ፣ በእኔ ዕድሜ ኩላሊት ስለሚደክም መድኃኒቱ ቶሎ ከሰውነት እንደማይወጣ ነገረኝ። ፊኛዬ እስኪድን አቆየኝና መጠኑን ቀነሰልኝ። አሁን ደህና ነኝ። በጾምም በሌላውም ቀን ተማሪዎቼ ፊት ውሃ እጠጣለሁ።

ስመለስ ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። አዳምጠውኝ ሲያበቁ፣ «ታዲያ ያ ጾም ለማን ነበር?» አሉኝ።

ደሜን ሰው ማየቱን እንኳ ለምጄዋለሁ። የዋሸሁት እኔ ሆኜ ሳለ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ መሆኗን ግን ልለምደው አልቻልኩም። ያን ጊዜ ቀና ብዬ «ልጄ፣ እውነትሽን ነው» ብላት ምን ነበረበት?