የቮልጋዋ ጣውንቴ

የተቀጠርኩ ዕለት አሰልጣኙ ሰላም እንኳ በቅጡ ሳይለኝ ነው ያዘዘኝ። ቀራንዮ ያለው ሜዳችን ዝናብ መትቶት ተጫዋቾቹ ጭቃ በጭቃ ሆነው ከልምምድ ይወጣሉ፤ እኔ አዲሷ ትጥቅ ያዥ ሳፋዬን ይዤ ቆሜያለሁ። «እትዬ አስካለ፣ ካልሲና ማልያ አንድ ላይ እንዳይዘፈዝፉ» አለኝ። አራት ልጅ ያሳደገች ሴት ይህን ታጣዋለች? እሺ አልኩ። ያልጣመኝ ከዚያ የጨመረው ነው። «ክላቫም እንደዚያ ነበር የምታደርገው» አለ።

ክላቫ ማን እንደሆነች የቡድኑ አምበል ነገረኝ። አሰልጣኛችን በወጣትነቱ ለስፖርት ትምህርት ሩሲያ ሄዶ፣ ቮልጋ ወንዝ ዳር ባለች የፋብሪካ ከተማ ኖሯል። በከተማዋ የሩሲያ ንጉሥ ከዙፋኑ ሳይወርድ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ያቋቋሙት የእግር ኳስ ክለብ አለ። አሰልጣኙ ከክለቡ ተጠባባቂ ቡድን ጋር ይለማመድ ነበር። ክላቫ የክለቡ ትጥቅ ያዥ ናት፤ ታጥባለች፣ ትሰፋለች፣ ታከፋፍላለች።

ስለ ክለቡ ሲያወራ ደስ ይላል፤ ይህን አልክድም። አያት፣ አባትና ልጅ ስታዲየሙ ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ አለን። አያትየው ሲሞት እስከ ውድድር ዘመኑ መጨረሻ ቦታው ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ሻርፑ ብቻ ይነጠፋል። በጨዋታ ቀን ተጫዋቾች በፋብሪካው በር ገብተው ሸማኔዎቹን ሰላም ይላሉ። ከተሸነፉም በማግስቱ በዚያው በር መግባት አለባቸው። ተጫዋቾቻችን ይህን ሲሰሙ አፋቸውን ከፍተው ነው። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እነሱን ግን ናፈቃቸው።

እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ልማድ ነው። ሩሲያ ውስጥ ሰው ተነስቶ ዝም ብሎ መንገድ አይገባም። ሻንጣው ከተዘጋ በኋላ ሁሉም ለጥቂት ጊዜ ሳይነጋገር ይቀመጣል፤ ከዚያ ነው የሚወጣው። የዚያ ክለብ ተጫዋቾች ከከተማ ውጭ ሊጫወቱ ሲሄዱ የሚቀመጡት ክላቫ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። መጀመሪያ የምትነሳውም ክላቫ ናት። እሷ ካልተነሳች አሰልጣኙም ሆነ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ንቅንቅ አይልም።

አሰልጣኛችን ልማዱን ወደኛ አመጣው። ክልል ስንሄድ ተጫዋቾቹ የእኔ የቆርቆሮ ዕቃ ቤት ገብተው፣ ሻንጣና የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ዝም ይላሉ። መጀመሪያ የሚነሳው ግን አሰልጣኙ ራሱ ነው። እኔስ? እኔ ውጭ ነኝ። ኳሱን፣ ውሃውን፣ የታኬታውን ከረጢት መኪና ላይ እጭናለሁ። ሸክሜን ይዤ በበሩ ሳልፍ ዝምታቸውን እሰማዋለሁ።

ቀናሁ። ሌላ ስም አላወጣለትም። ባሌን አልነጠቀችኝ፣ በመልክ አላውቃት፤ ግን ጣውንቴ ሆነች። ባለቤቴ እንኳ ማታ ማታ «ዛሬስ ጣውንትሽ ምን አለች?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ልበልጣት ሞከርኩ። አንድ ጊዜ ካልሲውን ሁሉ ተኩሼ አቀረብኩ። አሰልጣኙ አገላብጦ አየና ክላቫም ለትልቅ ጨዋታ ካልሲ ትተኩስ እንደነበር አጫወተኝ። በክረምት ፀሐይ ስትጠፋ ማልያውን ቤቴ ወስጄ ሳሎን ውስጥ ገመድ ወጠርኩ፤ ልጆቼ እያጎነበሱ አለፉ፣ ቤቱ በከሰል ሙቀት ታፈነ። ደርቆ ሲደርሰው፣ በዚያ ሁሉ በረዶ ክላቫ አንድም ቀን እርጥብ ማልያ ሰጥታቸው እንደማታውቅ ነገረኝ። ያን ቀን ሳፋውን በእግሬ መታሁት፤ የተጎዳው አውራ ጣቴ ነው።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመት ሲቀረኝ አንድ የሩሲያ ጓደኛው በስልክ ቪዲዮ ላከለት። ክለቡ የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ነው። ዕቃ ቤት ውስጥ ከበን አየን። ሕዝቡ ሻርፕ እያውለበለበ ይዘምራል። ከዚያ አንዲት ጠጉሯ በረዶ የመሰለ አሮጊት ደግፈው አመጡና ሜዳው መሃል ወንበር ላይ አስቀመጧት። ስታዲየሙ በሙሉ ተቀመጠ፤ ጸጥ አለ። እሷ ስትነሳ ሁሉም ተነሳ። አሰልጣኙ ዓይኑን ጠረገ፤ እኔ ጥርሴን ነከስኩ።

ቀጥሎ የድሮ ፎቶዎቿን አሳዩ። ክላቫ በጎልማሳነቷ፣ በዚያች ዝነኛ ክፍሏ፣ ወገቧን ይዛ ትስቃለች። ከኋላዋ በቁሟ የሚያህሉ ነጫጭ ነገሮች ተደርድረዋል።

«አሰልጣኝ፣ ሴትዮዋ ማሽን ነበራት?» አልኩት።

«አዎ፣ ፋብሪካው ነው የሰጣት። ማድረቂያም ነበራት።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቁኝማ፣ እትዬ አስካለ።»

«እንግዲያው ልንገርዎት። እሷ በማሽን አጥባ ተቀምጣለች። እኔ በእጄ አጥቤ ቆሜያለሁ።»

አሰልጣኙ ስልኩን ኪሱ ከተተና ወጣ። ከሥራ የምባረር መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ።

የሚቀጥለው ጉዟችን ወደ ሆሳዕና ከተማ ነበር፤ ከተሸነፍን ከሊጉ የምንወርድበት ጨዋታ። የኳሱን ከረጢት ላነሳ ስል አምበሉ ከእጄ ወሰደው። ሌሎቹም አንድ አንድ ዕቃ ተቀባብለው ጭነው ተመለሱ። አሰልጣኙ ዕቃ ቤቱ መሃል ያለውን የትጥቅ ሣጥን በእጁ ጠረግ ጠረግ አደረገና «እዚህ ይቀመጡ» አለኝ።

ተቀመጥኩ። ሁሉም ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቼ ቀና ስል ሁሉም እኔን ያያሉ፤ አሰልጣኙም ጭምር። እስክነሳ እየጠበቁ ነው። አልተነሳሁም። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ፤ አልተነሳሁም። ሁለተኛም ነፋ። ጸሎት ላይ ያለሁ የመሰላቸው ነበሩ። እኔ ግን ከክላቫ ትንሽ ላስረዝመው ብዬ ነው። ሲበቃኝ ተነሳሁ፤ እነሱም ተነሱ።

ሆሳዕና ላይ ተሸነፍን፤ ከሊጉም ወረድን። በማግስቱ ተጫዋቾቹ አንገታቸውን ደፍተው ዕቃ ቤቴ ሲገቡ ማልያውን ከእያንዳንዳቸው እጅ ተቀበልኩ። ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ክልል ስንሄድ መጀመሪያ የምነሳው እኔ ነበርኩ።

በእኔ ቦታ ለተተካችው ሴት ክለቡ ማጠቢያ ማሽን ገዝቶላታል። በእሷም እቀናለሁ። ቁልፉን ሳስረክባት የነገርኳት ሁለት ነገር ነው፤ ካልሲ ለብቻ ይዘፈዘፋል፤ ቡድኑ ሲቀመጥ ትጥቅ ያዥም ይቀመጣል፣ ቦታ ካልሰጡት ይጠይቃል። እኔ ለመጠየቅ ዘግይቻለሁ።